«ድርቁን ማን እንዳመጣው ማወቅ ውሃ አይቀዳም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ጎንደር ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ርዕሱ «ድርቁን ማን እንዳመጣው ማወቅ ውሃ አይቀዳም» ይላል። የሚነቅፈው ባለሙያዎች አትሪቢውሽን የሚሉትን፣ እኛ እዚህ የድርሻ ጥናት የምንለውን የምርምር ዘርፍ ነው፤ አንድ ድርቅ፣ ጎርፍ ወይም ከባድ ሙቀት ሲደርስ «የአየር ንብረት ለውጥ ባይኖር ኖሮ ይህ ነገር የመድረስ ዕድሉ ስንት ነበር?» ብሎ የሚያሰላውን ማለት ነው። ጸሐፊው ለዚህ ሥራ የሚመደብ ገንዘብ ሁሉ ይቁም ይላሉ። ምክንያቶቻቸው ስድስት ናቸው፦ ገንዘቡ ለስንዴና ለጉድጓድ ቢውል ይሻላል፤ ውጤቱ አስቀድሞ የተበየነ ነው፤ መረጃ ስለሌለን ሥራው የፈረንጅ ነው፤ ለሹማምንት ሰበብ ይሆናል፤ ካሳ አያመጣም፤ በጥድፊያ የሚወጣ ነው።

ከስድስቱ አንዱን ሙሉ በሙሉ እንቀበላለን፣ ሌላውን በከፊል። በቀሩት ላይ ግን ጸሐፊው አህያውን ፈርተው ዳውላውን የሚመቱ ይመስላል። የሚያስቆጣቸው የዝናብና የጉዳት መዝገባችን ባዶ መሆኑ ነው፤ ዱላው ያረፈው ግን መዝገቡን በሚጠይቀው ጥናት ላይ ነው።

«ውጤቱ አስቀድሞ የተበየነ ነው» ከሚለው እንጀምር፣ ምክንያቱም ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ሌላው ክርክር ሁሉ ባላስፈለገ። ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። እ.ኤ.አ. በ2015፣ በእኛ በ2007 ዓ.ም፣ ሰሜንና መካከለኛው ኢትዮጵያን የመታው ድርቅ ተጠንቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ጆርናል ኦቭ ክላይሜት በተባለ የሳይንስ መጽሔት ታትሟል። በዚያ ዓመት በልግም ክረምትም ተዛብተው የወረደው ዝናብ ከወትሮው ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ብቻ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ የምግብ እርዳታ ያስፈልጋቸዋል የተባሉት ወገኖች 10.2 ሚሊዮን ደርሰው ነበር። አጥኚዎቹ ይህን የሚያህል ድርቅ ቢያንስ ከ60 ዓመት በላይ፣ ምናልባትም በብዙ መቶ ዓመታት አንዴ የሚደርስ መሆኑን አገኙ። ኤል ኒኞ እንዳባባሰውም አሳዩ። የአየር ንብረት ለውጥን ድርሻ ሲያሰሉ ግን የአየር ንብረትን በኮምፒውተር ከሚያስመስሉ ሦስት የሞዴል ስብስቦች ሁለቱ ምንም ለውጥ አላሳዩም፣ አንዱ የድርቁ ዕድል መጨመሩን አሳየ። ሁሉም ተደምሮ የመጣው መልስ ዕድሉ ወደ 0.3 እጥፍ ቀንሶም ሊሆን ይችላል፣ እስከ 5 እጥፍ ጨምሮም ሊሆን ይችላል የሚል ነው። ስለዚህ በግልጽ ለአየር ንብረት ለውጥ ሊሰጥ አይችልም ብለው ጻፉ። የተበየነ ፍርድ እንዲህ አይነበብም።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የደቡብ ማዳጋስካር ረሃብ በዓለም መድረክ «በአየር ንብረት ለውጥ የመጣ የመጀመሪያው ረሃብ» እየተባለ ሲነገር፣ ወርልድ ዌዘር አትሪቢውሽን የተባለው የአጥኚዎች ቡድን ግን ዋናው ምክንያት ድህነትና በዝናብ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ኑሮ ነው፣ የለውጡ ድርሻ አነስተኛ ነው ብሎ ወጣ። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ደቡብ ኢትዮጵያን፣ ሶማሊያንና ምሥራቅ ኬንያን ያደረቀውን ድርቅ ሲያጠና፣ ይኸው ቡድን ለውጡ የእርሻ ድርቁን ዕድል 100 ጊዜ ያህል እንዳሳደገው አስታወቀ። ይህን ያደረገው በዋናነት የዝናቡ ማነስ ሳይሆን ከአፈርና ከተክል ላይ ውሃን የሚመጥጠው ሙቀት ነው። አንድ ቡድን፣ አንድ ዘዴ፣ የተለያየ መልስ።

የሚገርመው ጸሐፊው ራሳቸው ጥቂት አንቀጽ ዝቅ ብለው «ስለ 2015ቱ ድርቅ ያጠኑት እንኳ ምንም አላገኙም፤ ታዲያ የጃን አሞራ ሕዝብ ምን ተጠቀመ?» ሲሉ ይጠይቃሉ። መጀመሪያ፣ ይህ ውጤቱ ሁሌ አንድ ነው ካሉት ጋር ይጣላል። ሁለተኛ፣ ሁለት ድርቆችን በአንድ ቁጥር አስረዋል። የተጠናው በፈረንጅ አቆጣጠር የ2015ቱ ነው። ጃን አሞራን፣ በየዳንና ጠለምትን የጎዳው የዝናብ መቅረት ደግሞ በእኛ የ2015 ዓ.ም ክረምት፣ ማለትም በፈረንጅ የ2023ቱ ነው። በመካከላቸው ስምንት ዓመት አለ። ይህ ስህተት በጋዜጣም በቢሮ ሪፖርትም የተለመደ ስለሆነ ብዙ አንወቅሳቸውም፤ ነገር ግን ስለ መዝገብ ጉዳይ የምንለውን ሁሉ ከእኛ በላይ አስረድተውልናል።

«ምንም አላገኙም» የሚለውም መስተካከል አለበት። ጥናቱ ለውጡ ድርሻ የለውም አላለም። የመረጃው ዘመን አጭር፣ የዝናቡ ተፈጥሯዊ መዋዠቅ ደግሞ ትልቅ በመሆኑ፣ ትልቅ ለውጥ ቢኖር እንኳ በዚህ መረጃ ላይታይ ይችላል ነው ያለው። ይህ ወደ ሦስተኛው ነጥባቸው ይወስደናል፤ እኛም ረዘም ላለ ጊዜ የምንቆየው እዚያ ነው።

«መረጃ የለንም፣ ሥራው የፈረንጅ ነው፣ ለእነሱ እንተወው።» የመጀመሪያው ሐረግ በከፊል ትክክል ነው። ከእሱ የተወሰደው መደምደሚያ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

አሠራሩን ባጭሩ እናስቀምጥ። በመጀመሪያ ክስተቱ ይወሰናል፦ የትኛው አካባቢ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ በምን መለኪያ። እዚህ ላይ የሚሠራው የተለመደ ጥፋት፣ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ በጣም የተጎዳውን ቀበሌና በጣም የከፉትን ቀናት ብቻ ቆርጦ መውሰድ ነው። እንዲያ ሲሆን ማንኛውም ክስተት በሺህ ዓመት አንዴ የሚደርስ ይመስላል። መፍትሔው ወሰኑን ከጉዳቱ ሳይሆን ከተፈጥሮው መውሰድ ነው፤ ለምሳሌ የመገጭን ተፋሰስ በሙሉ፣ ወይም ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ክረምት በሙሉ። ቀጥሎ ከዓመታት የምልከታ መረጃ ላይ የከባድ ክስተቶች ስርጭት ይሰላል፤ ስርጭቱ ከምድር አማካይ ሙቀት ጋር እንዲንቀሳቀስ ይደረግና ዛሬ ባለው ሙቀትም፣ ከአንድ ዲግሪ በላይ ቀዝቀዝ ባለው የቀድሞው ዓለምም ይነበባል። ከዚያ ሞዴሎች ይፈተናሉ፦ ክረምቱ የሚገባና የሚወጣበትን ጊዜ፣ ደጋውና ቆላው የሚያገኙትን የዝናብ ልዩነት በትክክል የማያሳይ ሞዴል ከጨዋታ ይወጣል። በመጨረሻ የምልከታውና የተረፉት ሞዴሎች ውጤት ይጣመራል፣ የሕዝቡ ተጋላጭነትም ለብቻው ይጠናል።

የሚወጣው ቁጥር እንዲህ ይነበባል። አንድ ከባድ ዝናብ ዛሬ በ50 ዓመት አንዴ፣ በቀዝቃዛው ዓለም ደግሞ በ150 ዓመት አንዴ የሚደርስ ነው እንበል፤ ጥምርታው 3 ነው። ይህ 3 ብቻውን ግን ምንም አይደለም። የስህተት ወሰኑ ከ2 እስከ 5 ከሆነ አንድ ነገር ተገኝቷል፤ ከ0.8 እስከ 14 ከሆነ ግን «ለውጥ የለም» ማለት የሆነውን 1ን ስለሚያካትት ጥናቱ አፉን ሞልቶ መናገር አይችልም። ወሰኑን የሚያጠብበው የአጥኚው ብልሃት ሳይሆን የመረጃው ርዝመትና ንጽሕና ነው። ንጽሕናው የሚወሰነውም ለንደን ሳይሆን ዳባት፣ ጭልጋ፣ ቆላድባና መተማ ላይ ነው።

«ሳተላይት አለ» ይባል ይሆናል። አለ፤ እንጠቀምበታለንም። ቺርፕስ የሚባለው የዝናብ መረጃ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በ5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት፣ ምልከታን ከሞዴል ጋር አጣምሮ የሚሰላው ኢአርኤ5 ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ በ31 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት በነጻ ይገኛል። ነገር ግን ሳተላይቱ የሚያየው የደመናውን አናት ቅዝቃዜ ነው፤ በተራራ ግርጌ ካልረዘመ ደመና የሚወርደውን ዝናብ አሳንሶ ይቆጥራል። ስለዚህ ቺርፕስም ሆነ አገራችን ከጣቢያና ከሳተላይት አጣምራ የሠራችው ኢናክትስ የሚታረሙት በመሬት ጣቢያ ንባብ ነው። ጣቢያው ሲዘጋ የሳተላይቱ መረጃ አይቆምም፣ ግን ያለ አራሚ ይቀራል፤ ከተዘጋበት ዓመት በኋላ የሚታየው «የዝናብ ለውጥ» የመረጃው እንጂ የሰማዩ ላይሆን ይችላል። የዓለም አቀፍ ሞዴሎችማ ነገራቸው የባሰ ነው። አብዛኞቹ አንድ ነጥባቸው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሸፍን፣ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚወጣውን የስሜን ተራራና 1,800 ሜትር የማይሞላውን የጣናን ዳርቻ በአንድ ከፍታ ያስቀምጣሉ።

አሁን ወደ ዝናብ መለኪያው ቀረብ እንበል። በአገራችን ጣቢያዎች የዕለቱ ዝናብ የሚነበበው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። አፉ 203 ሚሊ ሜትር በሆነ መለኪያ ውስጥ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 32.4 ሚሊ ሊትር ውሃ ይሆናል። አፉ 127 ሚሊ ሜትር በሆነው ደግሞ 12.7 ሚሊ ሊትር። ሁለቱም የየራሳቸው ምልክት ያለበት መስፈሪያ ብርጭቆ አላቸው። አንዱ ብርጭቆ ተሰብሮ የሌላው ከተተካ፣ ንባቡ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይስታል፣ መዝገቡ ላይ ግን ምንም ምልክት አይኖርም። አሥር ዓመት ቆይቶ መረጃውን የሚከፍት ሰው የሚያየው «አካባቢው በድንገት ደረቀ» ወይም «በድንገት ረጠበ» የሚል መስመር ነው።

ሁለተኛው የቀን ጉዳይ ነው። ነሐሴ 10 ሌሊት 7 ሰዓት ላይ የወረደ ዶፍ የሚነበበው ነሐሴ 11 ጠዋት ነው። አንዱ ታዛቢ ባነበበበት ቀን ይመዘግባል፣ ሌላው በወረደበት። ሁለቱ ጣቢያዎች አንድ ላይ ሲደመሩ የአንድ ሌሊት ከባድ ዝናብ ለሁለት ቀን ተከፍሎ መካከለኛ ዝናብ ይሆናል፤ ጎርፉ ከመረጃው ላይ ይጠፋል። በዚህ ላይ የወር ልዩነት አለ። የወረዳ ሪፖርት «በነሐሴ ወር» ሲል ከኦገስት 7 እስከ ሴፕቴምበር 5 ያለውን ማለቱ ነው። ይህን ከኦገስት ወር የሳተላይት ድምር ጋር የሚያስተያይ ሰው መጀመሪያው ላይ ስድስት ቀን፣ መጨረሻው ላይ አምስት ቀን ይሳሳታል። ጳጉሜን ደግሞ ብዙ ቅጽ ላይ ጭራሽ ቦታ የላትም፤ ወይ ከነሐሴ ጋር ትደመራለች፣ ወይ ትጣላለች።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው ነው፦ ባዶና ዜሮ። ያልተነበበ ቀን ባዶ ተትቶ፣ ኮምፒውተር ላይ ሲገለበጥ 0 ተብሎ ከገባ ያልነበረ ድርቅ ይፈጠራል። በተቃራኒው የጎደለን ቀን ለማመልከት የተጻፈው 99.9 እንደ እውነተኛ ንባብ ከገባ ያልነበረ ጎርፍ ይወለዳል። በጦርነትና በግጭት ዘመን የተቋረጡ መዝገቦቻችን በዚህ ዓይነት ወጥመድ የተሞሉ ናቸው።

አራተኛው የባሕር ዛፍ ነገር ነው። ደንቡ ማንኛውም ዛፍ ወይም ቤት ከመለኪያው አፍ በላይ ያለውን ቁመት ቢያንስ ሁለት እጥፍ ያህል እንዲርቅ ያዛል። ጣቢያው ሲተከል ችግኝ የነበረው ባሕር ዛፍ በ20 ዓመት ውስጥ 20 ሜትር ሲደርስ 40 ሜትር መራቅ ነበረበት። ዛፉ ቀስ እያለ ዝናቡን ከጎን ይጋርዳል፣ መዝገቡም ቀስ እያለ የሚቀንስ ዝናብ ያሳያል። ይህን የሚመስል የድርቀት አዝማሚያ በዚያ ጣቢያ መዝገብ ላይ ብቻ በሚሠራ ስሌት ከአየር ንብረት ለውጥ መለየት አይቻልም። ምክንያቱን አረጋግጦ የሚለየው ጣቢያው ድረስ ሄዶ ቀና ብሎ ያየ ሰው ነው።

ዘመናዊው አውቶማቲክ ጣቢያም ከችግር ነጻ አይደለም። በየ0.2 ሚሊ ሜትሩ የምትገለበጠው ትንሽ ማንኪያ በከባድ ዝናብ ጊዜ ለመገልበጥ በምትወስደው ቅጽበት ውሃ ያመልጣታል፤ ስለዚህ በጣም በምንፈልገው ሰዓት አሳንሳ ትቆጥራለች። ሸረሪት ድር ያደራበታል፣ ቅጠል ይደፍነዋል፣ ባትሪው ያልቃል። ኔትወርክ ሲቋረጥ መረጃው በማሽኑ ማኅደር ውስጥ ይቆያል፤ ማኅደሩ ሞልቶ በራሱ ላይ መጻፍ ሳይጀምር ሰው ደርሶ ካልገለበጠው ግን ይጠፋል። አጠገቡ የቀድሞው ተራ መለኪያ ቢያንስ ለሁለት ክረምት አብሮ ካልተነበበ፣ አዲሱ ጣቢያ የድሮውን መዝገብ ይቆርጠዋል እንጂ አይቀጥለውም።

ይህን ሁሉ የዘረዘርነው «ፈረንጅ ይሥራው» የሚለው ሐሳብ ለምን እንደማይሄድ ለማሳየት ነው። ስሌቱን ውጭ ያለ ሰው ሊሠራው ይችላል፤ ብርጭቆው መቀየሩን፣ ዛፉ ማደጉን፣ ጳጉሜን መጣሏን ግን ሊያውቅ አይችልም። እነዚህን ያላረመ ጥናት ደግሞ ወይ ተሳስቶ ይወጣል፣ ወይ ጨርሶ አይወጣም። የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ አይፒሲሲ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ ስለ ከባድ ዝናብ በሚናገረው የዓለም ሥዕላዊ ማጠቃለያ ላይ በርካታ የአፍሪካ ክፍሎች «በቂ መረጃ የለም» ተብለው ቀርተዋል። ሙቀትን በተመለከተም እንዲሁ ነው። ኤም-ዳት የተባለው ዓለም አቀፍ የአደጋ መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ ከሰሃራ በታች ላለው አፍሪካ በሙሉ የያዘው ሁለት የሙቀት ማዕበል ብቻ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት አመልክቷል። ለአውሮፓ ግን በ40 ዓመት ውስጥ 83 ተመዝግበዋል። የመተማንና የቋራን ሰሊጥ ለማጨድ ቆላ የወረደ የቀን ሠራተኛ ይህን ቁጥር ቢሰማ ይስቃል።

ጸሐፊው «በረዶም ሲጥል የአየር ንብረት ለውጥ ይባላል» ብለው ያሾፋሉ። እዚህ ላይ ከእሳቸው ጋር ነን። ዘዴው ለሙቀት በጣም ይሠራል፣ ሰፊ ቦታ ለሚሸፍን ከባድ ዝናብ ደህና ይሠራል፣ ለድርቅ እንደ ሁኔታው ነው። በአንድ ቀበሌ ላይ ለሩብ ሰዓት የወረደን በረዶ ግን በዛሬው አቅም ማንም ሊያጠናው አይችልም። ለእንዲያ ዓይነት ጥናት ገንዘብ ጠይቆ የሚመጣ ካለ አይሰጠው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። «ለስንዴና ለጉድጓድ ቢውል» የሚለው ክርክር ሁለቱ ከአንድ ኪስ እንደሚወጡ ይገምታል፤ የምርምር ድጎማና የዕለት እርዳታ ግን ከተለያየ በጀት የሚመጡ ናቸው፤ አንዱን መዝጋት ሌላውን አያሳድገውም። ስሌቱ ራሱ ደግሞ ርካሽ ነው። የሳተላይቱና የሞዴሎቹ መረጃ ነጻ ነው፣ የሚሠራበት ፕሮግራም ነጻ ነው፤ የኔዘርላንድስ የሜትሮሎጂ ተቋም ያዘጋጀው የስሌት ድረ ገጽ ኢንተርኔት ላለው ሁሉ ክፍት ነው። የሚያስወጣው የሰው ሥልጠናና የምልከታ ወጪ ነው። የምልከታው ወጪ ደግሞ ለቅድመ ማስጠንቀቂያ፣ ለግብርና ምክርና ለግድብ አስተዳደር ያው የሚያስፈልግ ነው።

ጉድጓድ፣ ድልድይና ግድብ ለሚሠራው መሐንዲስም ይህ ስሌት ባዕድ አይደለም። «በ50 ዓመት አንዴ ለሚመጣ ጎርፍ» ተብሎ የተነደፈ የመንገድ ማሻገሪያ በ30 ዓመት አገልግሎቱ ውስጥ ከዚያ በላይ የሆነ ጎርፍ የመግጠም ዕድሉ 45 ከመቶ ነው። ያ ጎርፍ በለውጡ ምክንያት በ25 ዓመት አንዴ የሚመጣ ከሆነ ዕድሉ 71 ከመቶ ይሆናል። የድርሻ ጥናቱ የሚመልሰው ይህንኑ ነው፦ ከአባቶቻችን ዘመን መዝገብ የተወሰደው 50 ዓመት ዛሬም 50 ዓመት ነው ወይ? ይህን ሳይጠይቁ ሲሚንቶ ማፍሰስ ቁጠባ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው አባባል ለእሳት ብቻ የተነገረ አይመስለንም።

«ለሹማምንት ሰበብ ይሆናል።» ሙሉ በሙሉ የምንቀበለው ይህን ነው። ጎንደር ላይ የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ማለት ቀላል ነው። የአንገረብ ግድብ ግን በደለል እየተሞላ የመጣው ከላይ ያለው ተዳፋት በመታረሱና በመራቆቱ ነው፤ የከተማው ሕዝብም ግድቡ ሲታሰብ ከነበረው ብዙ እጥፍ አድጓል። የፎገራና የደምቢያ ሜዳም እንዲሁ ነው። በ1998 ዓ.ም ክረምት የደረሰውን ጎርፍ የሚያጠና ሰው ዝናቡን ብቻ ቢቆጥር ያጭበረብራል። የርብ፣ የጉማራና የመገጭ ወንዞች አልጋቸው በደለል ከፍ ማለቱን፣ የጣና ውሃ ከፍታ በጨረጨራ መቆጣጠሪያ መወሰኑን፣ ሰው ውሃ በሚተኛበት መሬት ላይ መስፈሩን አብሮ መመዘን አለበት።

ነገር ግን ሰበቡን የሚያፈርሰው ራሱ የድርሻ ጥናቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 እና 2015 የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ ውሃ አልቆባት ሕዝቡ ሲጨነቅ፣ አጥኚዎች ሠርተው ያገኙት ዋናው ምክንያት የሕዝቡና የፍጆታው ማደግ እንጂ የአየር ንብረት ለውጥ አይደለም የሚል ነው። ለአንገረብም እንዲህ ያለ ጥናት ቢሠራ ማንን እንደሚያሳፍር አስቀድሞ መናገር አይቻልም፤ መሠራት ያለበትም ለዚሁ ነው። ጥናት በሌለበት ግን ሰበቡ ያለ ተቃዋሚ ይኖራል።

«ካሳ አያመጣም፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው» የሚለው በከፊል ትክክል ነው። የፓሪስ ስምምነት የጸደቀበት ውሳኔ አንቀጽ 51 ላይ፣ ስለ ኪሳራና ጉዳት የሚናገረው የስምምነቱ አንቀጽ 8 ለተጠያቂነትም ሆነ ለካሳ መሠረት እንደማይሆን በግልጽ ሰፍሯል። የድርሻ ጥናት ይዞ ካሳ የሚቆጥር ካለ ጸሐፊው የነገሩትን ቢሰማ መልካም ነው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2022 የተቋቋመው የኪሳራና ጉዳት ፈንድ አለ። በመጀመሪያው ምዕራፍ 250 ሚሊዮን ዶላር መድቧል፤ ለአንድ ጥያቄ ከ5 እስከ 20 ሚሊዮን ዶላር የሚሰጥ ሲሆን፣ ቢያንስ ግማሹ እንደ ኢትዮጵያ ላሉ በጣም ላላደጉና ለትናንሽ ደሴት አገሮች እንዲሄድ ተወስኗል። ለዓለም ችግር ይህ ጠብታ ነው። ጠብታውን ለመጠየቅ ግን ምን ጠፋ፣ የት፣ መቼ የሚል መዝገብ ያስፈልጋል።

ፍርድ ቤትም ቢሆን የሚጠይቀው ያንኑ ነው። ሉሲያኖ ዩያ የተባሉ የፔሩ ገበሬ አርደብሊውኢ የተባለውን የጀርመን የኃይል ኩባንያ ከሰው፣ ከቤታቸው በላይ ካለው የበረዶ ሐይቅ ጎርፍ ለመከላከል ከሚወጣው ወጪ 0.47 ከመቶውን እንዲከፍል ጠይቀው ነበር። የሃም ከተማ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሜይ 28 ቀን 2025 በሰጠው ፍርድ፣ ትልቅ በካይ በመርሕ ደረጃ ሊጠየቅ እንደሚችል ተቀበለ፤ ክሱን ግን ዘጋው። የተሸነፉት ሳይንሱ በጥቅሉ ሳያሳምን ቀርቶ አልነበረም። የበረዶ ሐይቁ ጎርፍ በ30 ዓመት ውስጥ የእሳቸውን ቤት የመምታት ዕድል 1 ከመቶ ያህል ብቻ ነው ተብሎ ነው። ጉዳዩ ያለቀው በቦታው በተለካ ነገር ላይ ነው።

ጥድፊያን በተመለከተ ብዙ አንልም። በሳምንታት ውስጥ የሚወጡት ጥናቶች በአቻ ባለሙያዎች ሳይገመገሙ እንደሚወጡ እውነት ነው፤ ዘዴያቸው ግን ተገምግሞ የታተመ ነው፣ ሂደቱም እ.ኤ.አ. በ2020 ደረጃ በደረጃ ተጽፎ ወጥቷል። አንባቢ እንዲህ ያለ ጥናት ሲደርሰው ወሰኑ አብሮ ተጽፏል ወይ፣ ስንት ሞዴል ተፈትኖ ስንቱ ተጣለ፣ የጣቢያ መረጃ ገብቷል ወይ ብሎ ይጠይቅ። ሦስቱም ካልተመለሱ ወረቀቱን ያስቀምጠው።

እንግዲህ ገንዘቡ ይቁም ከማለት ይልቅ እንዴት ይውል በሚለው እንከራከር። በእኛ አስተያየት ለዚህ ሥራ ወደ ጎንደር አካባቢ ከሚመጣ እያንዳንዱ 100 ብር 50ው ለጣቢያና ለአሮጌ መዝገብ ይሁን፤ እያንዳንዱ ገጽ ፎቶ ይነሳ፣ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይገልብጡት፣ ያልተስማሙበት ቁጥር ከፎቶው ላይ ይታይ፣ ባዶና ዜሮ በተለያየ ምልክት ይግቡ። 20ው ለጉዳት መዝገብ ይሁን፦ ቀበሌ፣ በሁለቱም አቆጣጠር የተጻፈ ቀን፣ የሞተ ሰው፣ የሞተ ከብት፣ በሄክታር የጠፋ ሰብል። ይህ በጤና ኬላና በግብርና ልማት ሠራተኛ እጅ ያለ፣ ግን ተለቅሞ የማያውቅ መረጃ ነው። 20ው ስሌቱን እዚሁ የሚሠሩ ወጣቶችን ለማሠልጠን፣ የቀረው 10 ለኮምፒውተርና ለኢንተርኔት። ለዚህም ውሉ ላይ አንድ ግዴታ ይጻፍ፤ ውጤቱ «ድርሻ አልተገኘም» ቢልም እንዲታተም።

አንድ ነገር ግን ከማንኛውም ክፍፍል ይቀድማል። የበጀት ዓመታችን የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ ክረምቱ ከገባ ወር ካለፈው በኋላ። በሐምሌ የጸደቀ ገንዘብ ግዥው ተጠናቆ መለኪያው ሲደርስ ዝናቡ ወጥቷል፤ ሠራተኛው ሲሠለጥን በጋ ነው፤ ሪፖርቱ ሲጠየቅ የሚቀርበው የደረሰኝ ቁጥር እንጂ ንባብ አይደለም። ስለዚህ ለሚመጣው ክረምት የሚውል ገንዘብ ባለፈው በጀት ውስጥ መያዝ አለበት፤ ጨረታው በጥር ይውጣ፣ መለኪያው በሚያዝያ ይተከል፣ ከነመስፈሪያ ብርጭቆው ከነመጠባበቂያውም ይገዛ፣ ታዛቢው በግንቦት ይሠልጥን።